ከውጭ የተቆለፈው ምድር ቤት

ስለ ሸምሲያ ሲወራ ሁለት ዓይነት ውሸት እሰማለሁ፤ ሁለቱም ያንገበግቡኛል። አርብ አርብ እዚህ ሪያድ፣ በጥሃ ሰፈር ስንገናኝ ግማሹ ሰው «ሴቶቹን ከውጭ አስቆልፋ በጎርፍ ልታስፈጃቸው የነበረችው» ይላታል። ግማሹ ደግሞ ወሊይ ሊያደርጋት ምንም አይቀረው፤ «ነፍስ ያዳነች፣ አላህ የላካት» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዳቸውም ዓይኗን አይተውት አያውቁም። አንድ ፍራሽ ላይ አብሬያት የተኛሁት እኔ ሩቂያ ግን ሻዬን ፉት እያልኩ ዝም እላለሁ። ዛሬ በቃኝ። ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ካልጣማችሁ መሄጃው ያውላችሁ።

ሸምሲያ የሀርቡ ልጅ ናት። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ክረምት ከበጋ የወንድ ካልሲ የማይለያት፣ ምላሷ ሚጥሚጣ የሆነ ሴት። ሮሮ አትወድም። «ራሴን አመመኝ» ካልሻት «እዚህ አገር ጤነኛ ራስ ያለው ሰው ካገኘሽ ንገሪኝ፣ እኔም ሄጄ ልየው» ትልሻለች። ስትተኛ ታንኮራፋለች። ማንኮራፋቷን ከነገርሻት ግን ሳምንቱን ሙሉ ታኮርፍሻለች።

አባቷ ቦርከና ወንዝ ዳር ማሽላ ይዘራ ነበር። ቦርከና ሞልቶ ሲመጣ ማሽላውን ከነሥሩ ነቅሎት ሲሄድ እያየች ነው ያደገችው። ጎርፉ ባለፈ ማግስት አባቷ ደለሉ ላይ እየተራመደ «ዘንድሮ የወሰደውን ለከርሞ ይክሰናል» ይል ነበር ብላ አጫውታኛለች። እሷ ግን ውሃን አታምነውም። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ትላለች። እኛ ደግሞ እሷ ስትናገረው ሁሉ ነገር ተረት ይመስለናል፣ እንስቅባታለን።

ባሏ ጅቡቲ ደርሼ ልምጣ ብሎ በዚያው ቀረ። ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት በኮንትራት ሪያድ ገባች፤ ከከተማው በሰሜን በኩል፣ ዙሪያውን በረጅም ግንብ የታጠረ ቪላ ውስጥ። እውነቱን መናገር ደግ ነው፤ አልተመታችም፣ አልተራበችም። በሩ ብቻ አይከፈትላትም። ሪያድን የምታያት ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ነበር። «እንደ ወፍ ከላይ ነው ያየኋት» ትላለች። ኮንትራቷ አልቆ «አገሬ ስደዱኝ» ስትል መዳሟ «ኢንሻአላህ» ትላታለች። በወሩ ስትጠይቅ «ኢንሻአላህ»። በዓመቱም «ኢንሻአላህ»። የአላህን ስም ለእምቢታ ሲጠሩት እንደመስማት የሚያናድድ ነገር የለም።

ከዚያ ቤት ያወጣት ጎርፍ ነው። በ2002 ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ሰማዩ በቀን ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ የነበሩበት ሰዎች እስካሁን ያወሩታል። የቪላው ምድር ቤት ውሃ ሞላ። ሸምሲያ በባልዲ እየቀዳች ስታወጣ፣ ጌትዬው መኪናው እንዳትሰምጥበት ሮጦ መጣና ትልቁን የብረት በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ግቢው ውስጥ የታቆረው ውሃ ወደ ጎዳናው ፈሰሰ። «እኔም ባልዲውን አስቀመጥኩና ከውሃው ጋር ወጣሁ» ትላለች። ነጠላ ጫማዋን ጎርፉ ወሰደው፤ ዞራም አላየችው።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ከፊሏ፣ በኮንትራት ያስመጣት አሠሪዋ፣ «ጠፍታለች» ብሎ አስመዘገበ፤ ሁሩብ ተመታባት። ሁሩብ የተመታበት ሰው ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይሞታል። በሕግ አይሠራ፣ ቤት በስሙ አይከራይ፣ አገሬ ልግባ ቢል እንኳ ትኬት ቆርጦ አይሳፈር። ከአንድ ግቢ ወጥታ ከተማዋ በሙሉ ግቢ ሆነችባት። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው።

ጀራዲያ ሰፈር ውስጥ በሰው ስም ምድር ቤት ተከራየች። አስፋልቱ በየጊዜው ሲደራረብ መንገዱ ከፍ ብሎ ቤቱ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ከጠባቧ ቅያስ ደረጃ ትወርጂና የብረት በር ታገኛለሽ። ከበሩ ወዲያ አንድ ክፍል፣ ምድጃ የተቀመጠባት ጥግና መታጠቢያ ቤት፤ ኸላስ፣ ሌላ የለም። ጣሪያው ሥር፣ ከመንገዱ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ ብላ፣ የብረት ፍርግርግ ያላት አንዲት መስኮት አለች። በእሷ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚ እግር ብቻ ነው። ሸምሲያ እግር አይታ ሰው ትለያለች። «ይሄ ፓኪስታኒው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ አረማመዱን እዩት፣ ዛሬ ሚስቱ ደውላለታለች» ትለናለች። ቀን ለቀን ስንሠራ ከዋልንበት የሰው ቤት ተመልሰን፣ እግር እያየን የሳቅነውን ሳቅ የትም አልሳቅኩትም።

እኔ ከከፊሌ ቤት ወጥቼ በሩን ሳንኳኳ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «ታንኮራፊያለሽ?» አለችኝ።

«አላንኮራፋም» አልኳት።

«ግቢ። የሚያንኮራፋ ሰው እንቅልፍ ይነሳኛል።»

ከእኔ በኋላ ሰና መጣች፤ የመርሳ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ብርድ ሲሆን ደረቷ የሚታፈን። መጨረሻ የመጣችው ሃፍሳ ናት፣ የባቲ ልጅ። የሃፍሳ ነገር ከሁላችንም ይከፋል። ቤቱን ጥላ ስትወጣ መዳሟ «ወርቄን ሰርቃኝ ነው የጠፋችው» ብላ ከሰሰቻት። ሃፍሳ እንኳን ወርቅ የገዛ ሻንጣዋንም ይዛ አልወጣች። ግን ማን ይሰማታል? እኛ ብንያዝ ተርሒል፣ ማባረሪያው ጣቢያ፣ ገብተን ወደ አገራችን እንጠረዛለን። እሷ ብትያዝ የምትገባው እስር ቤት ነው፤ ለስንት ዓመት እንደሆነ አላህ ይወቀው። በሩ ቋ ባለ ቁጥር ፊቷ አመድ ይሆናል።

የ2006 ጥቅምት ማለቂያ መጣ። ወረቀት ለሌለው ሰው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀና ኢቃማ የሌለውን ሰው ማሰስ ተጀመረ። ጀዋዛቶች፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹ፣ መንገድ ላይ ቆመው ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ሕንጻ ለሕንጻ ይዞራሉ ተባለ። ሐበሻ በሚበዛበት መንፉሃ ሰፈር ስላለው አፈሳ የሚወራው እንቅልፍ አያስተኛም። ሥራ ቀረ። ዳቦ ለመግዛት መውጣት ቀረ። ያኔ ነው ሸምሲያ ያን ዘዴ ያመጣችው።

ኢሊያስ የሚባል ልጅ ነበረ፤ ወላጆቹ የወሎ ሰዎች፣ እሱ ግን ሪያድ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው በዓረብኛ የተቦካ። ኢቃማ አለው። ዐዚዚያ ላለ አትክልት ነጋዴ ፒክአፕ ይነዳል። ሸምሲያን «ኻላ» ነው የሚላት፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ትልቅ ጓጉንቸር አስገዛችውና «ማለዳ ስትሄድ ከውጭ ትቆልፍብናለህ፣ ሲመሽ መጥተህ ትከፍታለህ» አለችው። ከውጭ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበትን ቤት ማን ያንኳኳል? እሱ ብቻ አይደለም። አዲሱን ቁልፍ በዘይትና በአፈር አሽታ አስረጀችው። ምግብ ቤቶች የሚበትኗቸውን ማስታወቂያዎች አስለቅማ ከበሩ ሥር አከማቸች፤ ገብቶ የሚያነሳ ሰው የጠፋ እንዲመስል። መስኮቷን በካርቶን ጋረደች፣ ጥግዋ ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ ትታ።

ደግሞም ሠራ። አንድ ቀን ቀትር ላይ የቦት ጫማ ኮቴ ደረጃውን ወረደ። አንዱ ቁልፉን ነካክቶ አንድ ነገር አለና ተመልሶ ወጣ። ኮቴው እስኪርቅ ቆየን፤ ከዚያ ሃፍሳ ሸምሲያን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። እኔም ጭንቅላቷን አደነቅኩ። ዛሬ «ቆለፈችባቸው» የምትሉ፣ ያን ቀን ብትኖሩ እግሯን ትስሙ ነበር።

መታፈኑ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት የለ፣ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ፣ ማስነጠስ ሲመጣ አፍ ትራስ ውስጥ። ሶላት እንኳ በሹክሹክታ። ሽንት ቤት ውሃ አይለቀቅም፤ እስኪመሽ ይጠበቃል። ሸምሲያ መዳፏን ከፍ ካደረገች ዝም ማለት ነው፤ እስክታወርደው ድረስ ማንም አይተነፍስም። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ከፍ ታደርገውና ትፈትነናለች። ያን ጊዜ እጠላት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዝናቡ የጣለው ቅዳሜ ነው። ኢሊያስ እንደ ልማዱ ማለዳ ቆልፎብን ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ካርቶኑ ላይ ቷ ቷ የሚል ድምፅ ሰማን። የአፈር ሽታ ገባ። ሃፍሳ ቀዳዳዋ ጋ ቆማ ጣቷን ወደ ውጭ አሾለከች፣ ረጥቦ ሲመለስ ላሰችው። «ባቲ ባቲ ይላል» አለች። ሰና ደረቷ ለቀቅ አለላትና ፈገግ አለች። ሁላችንም ሳቅን፣ ቀስ ብለን። ሸምሲያ ብቻ አልሳቀችም፤ ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች።

«ይሄ ጠብ ጠብ ብሎ የሚያልፍ ዝናብ አይደለም» አለች። «ፍራሹን አንሱ።»

መጀመሪያ የመጣው በመታጠቢያው ወለል ቀዳዳ ነው፤ የፍሳሹ ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ጠቁሮ፣ ሸትቶ ፈላ። በጨርቅ ወተፍነው፤ ጨርቁን ተፋው። ከዚያ በበሩ ሥር ገባ። ብርድ ልብስ ጎዘጎዝንበት፤ ብርድ ልብሱ ራሱ ተንሳፈፈ። ሸምሲያ የመብራቱን ቆጣሪ ዘጋችና ለኢሊያስ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«የት ነህ?»

«ኻላ፣ መንገድ ላይ ነኝ። ከመንገድ ሥር የሚያልፈው ዋሻ የለም? እዚያ ውስጥ ውሃ ያዘኝ። መኪናዋ ሰጥማለች፣ ጣሪያዋ ላይ ቆሜያለሁ።» ያለቅስ ነበር።

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«በል እንዳይጠፋብህ» አለችው። «ለእኛ አታስብ። አንተ ከዚያ ብቻ ውጣ።»

ስልኩን ዘግታ ከእኛዎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ለምን ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች አልደወላችሁም ትሉኛላችሁ። ወገኖቼ፣ ወረቀት የሌለው ሰው መንግሥትን ራሱ ደውሎ አይጠራም። ወሬ አይደለም ይሄ፣ አጥንት ውስጥ የገባ ነገር ነው። ቤቱ ሲቃጠል እንኳ መጀመሪያ የምትፈሪው እሳቱን ሳይሆን ሊያጠፋ የሚመጣውን ሰው ነው።

በሩን ገፋነው። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ደረጃው ላይ ውሃ እየሞላ በሩን ከውጭ ይጫነዋል፤ ላዩ ላይ ያ በአፈር ያስረጀነው ጓጉንቸር አለ። ሸምሲያ በትከሻዋ መታችው፣ ደጋግማ መታችው። ከዚያ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። «የፈሩት ይደርሳል» አለች፣ ለራሷ።

ውሃው ወገባችን ሲደርስ ኮቴ ሰማን፤ ውሃ የሚያንቦጫርቅ ኮቴ። ሸምሲያ ቀዳዳዋ ጋ ሄደች። ያየችው ቦት ጫማና የደንብ ልብስ ሱሪ ነው። በእግር ሰው የምትለየው ሴትዮ ጀዋዛት መሰሏት መዳፏን ከፍ አደረገች።

አንድ ሰው ደረጃውን ወርዶ በሩን በጡጫ ደበደበ። «ሰው አለ?» አለ በዓረብኛ። ሰና ሳል መጣባት፤ ሃፍሳ በፎጣ አፈነቻት። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ሰውየው እንደገና ደበደበ። «ከውስጥ ሰው አለ?» ከላይ ሌላ ድምፅ ጠየቀው፤ እሱም «ከውጭ ተቆልፏል፣ ማንም የለበትም» ብሎ መለሰ። ሄዱ።

ደስ አለን። ይሰማችኋል? ውሃ ወገባችን ላይ ደርሶ፣ ሊያወጡን የመጡት ሰዎች ሲሄዱ ደስ አለን። ሃፍሳ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም አልኩ።

ሸምሲያ ግን ከቀዳዳዋ አልተነሳችም። ጥቂት ቆይታ «ያ ረቢ» አለች። «ጋጋሪውን አዝለውታል።»

«ማንን?» አልኳት።

«ፓኪስታኒውን። አንዱ በጀርባው አዝሎት ጀልባ ላይ አስቀመጠው። ጀዋዛት ሰው አያዝልም፣ ሩቂያ። ዲፋዕ መደኒ ናቸው። ጎርፍ የያዘውን ሰው ሊያወጡ ነው የመጡት።»

ስልኩን ፈለግን። መደርደሪያው ወድቆ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ያለን ድምፃችን ብቻ ነበር። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ሃፍሳ ክንዴን ጨመደደችው።

«እትዬ ሸምሲያ፣ በአላህ» አለች። «ያወጡንና ለጀዋዛት ያስረክቡናል። እናንተ አገራችሁ ትገባላችሁ። እኔስ? ዝናቡ ያባራል፣ ውሃው ይወርዳል። ትንሽ እንጠብቅ።»

ሸምሲያም ጠበቀች። ሰው ሲያወራ የማይናገረው ይሄን ነው። ያቺ ቆራጥ የምትሏት ሴት ቆማ ጠበቀች፤ አንዴ ሃፍሳን፣ አንዴ ውሃውን እያየች። አልጋዎቹን ደራርበን ወጣንባቸው። ጣሪያው ለራሳችን ቀረበን። ጨለማ ነው፣ ይሸታል፣ ውሃው ከሥር አልጋዎቹን ይገፋቸዋል። የጀልባዋ ሞተር ድምፅ ይርቃል፣ ደግሞ ይቀርባል። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ፍርሃት ሁለት ሲሆን ሰው መንቀሳቀስ እንደማይችል ነው። እንደ እንጨት ደርቀን ቀረን።

ዝናቡ አላባራም። ሰና መተንፈስ ተሳናት። ሳሉም ቆመ፤ ፉጨት ብቻ ይሰማል፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ሸምሲያ ሰናን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ወደ ሃፍሳ ዞረች።

«ሃፍሳ» አለቻት፣ «አውፍ በዪኝ።»

ሃፍሳ ገባት። ተወርውራ የሸምሲያን አፍ በሁለት እጇ ያዘች። ሸምሲያ አልተቆጣቻትም፤ እጆቿን አንድ በአንድ፣ ቀስ አድርጋ አነሳቻቸው። ካርቶኑን ቀደደችው። አፏን ፍርግርጉ ላይ ለጥፋ ጮኸች።

«ኧረ የሰው ያለህ!»

በዓረብኛ አይደለም፣ በአማርኛ ነው የጮኸችው። ስትጮህ መጀመሪያ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ ድስት አንስቼ ብረቱን ቀጠቀጥኩት። ሃፍሳ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች። ሸምሲያ ድምጿ እስኪዘጋ «የሰው ያለህ፣ የሰው ያለህ» ትላለች። ሞተሩ ዞረ። ጀልባዋ መጣች፣ አንድ ፊት ጎንበስ ብሎ መስኮቱ ላይ ታየ፤ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት ነው። ፍርግርጉን በመሣሪያ ቆረጡት። መጀመሪያ ሰናን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሃፍሳን ሳቡን። ሸምሲያ መጨረሻ ወጣች፤ ትከሻዋ ሰፊ ስለሆነ መስኮቷ ያዘቻትና ልብሷ ተቀዶ፣ ክንዷ ደምቶ ነው የወጣችው።

ወጣቱ ወደ ሰመጠው ደረጃ ጠቆመ። «ያን በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ» አለ። «በእጄ ነው የደበደብኩት። ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ልብስህን አይተን ነው» አለችው ሸምሲያ።

ጎንበስ ብሎ የደንብ ልብሱን አየ። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ጃኬቱን አውልቆ ለሰና ደረበላት።

የወሰዱን የሠርግ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበር በውሃ የተባረረውን ሁሉ እዚያ አስገቡት። ጭቃ በጭቃ ሆነን ወርቅ በተቀባ የሙሽራ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሐኪም ለሰና ኦክስጅን አደረገላት። ለእኛ ብርድ ልብስ፣ ዳቦና ለበን የሚባለውን እርጎ ሰጡን። ስም እንኳ የጠየቀን የለም፤ ያን ቀን ሰው ሁሉ ሰው ብቻ ነበር። በሩም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወጣል፣ የፈለገ ይገባል። ሃፍሳ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና ከበሩ ዓይኗን አልነቀለችም።

ኢሊያስ እግሩን እየጎተተ አገኘን። እሱንም ከመኪናው ጣሪያ ላይ አውርደውታል። ሸምሲያ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ተነፋረቀ። «ኻላ፣ እኔ ነኝ የገደልኳችሁ» ሲላት «ሞተን አየኸን እንዴ? ተነስ ወዲያ፣ ሰው ያየናል» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ዞሮ ተናገረ። ወረቀት የሌለው፣ በፈቃዱ አገሬ እገባለሁ የሚል ካለ፣ አውቶብስ ቆሟል፤ ተርሒል ገብቶ አሻራ ሰጥቶ ይሳፈራል አለ። ሃፍሳ ይሄን ስትሰማ ኢሊያስን እጁን ይዛ ተነሳች። ሸምሲያ ግን ካልሲዋን ጨምቃ አደረገችና ቆመች።

«እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ተርሒል? በገዛ እግርሽ?» አልኳት።

«በገዛ እግሬ። እዚህ አገር አንዴ ሰው ቆለፈብኝ፣ አንዴ ራሴ በራሴ ላይ ቆለፍኩ። ሦስተኛውን አልችለውም። ነይ አብረን እንሂድ።»

«ምን ይዤ?»

«ነፍስሽን ነዋ።»

አልሄድኩም። እናቴ ቤት ባዶ እጄን መግባት ሞት መሰለኝ፤ ከሞት ወጥቼ ገና ልብሴ ሳይደርቅ እንዲያ አሰብኩ። ሸምሲያ አልጎተጎተችኝም። ሃፍሳን ፈልጋ ግንባሯን ሳመቻት። ሃፍሳ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ሰናን ደግፋ ወደ አውቶብሱ ሄደች።

አሁን ሀርቡ ናት። ስትደውል ጆሮዬ እስኪደነቁር ነው የምታወራው። «ምን ያስጮህሻል?» ስላት «ምን አለብኝና ልንሾካሸክ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ኋላ ተይዤ፣ አገሬ ገብቼ፣ በኮንትራት ተመልሼ መጥቼ ይኸው ኢቃማዬን ይዤ እናንተ ፊት ተቀምጫለሁ። ስለዚህ «ሸምሲያ ቆለፈችባቸው» የምትሉትን ነገር ተዉኝ። ከዚያ ጎርፍ በኋላ የሆነውን ስሙና ፍረዱ።

ኢሊያስ ለእኔና ለሃፍሳ ፉጣ ሰፈር ውስጥ ክፍል አገኘልን፤ ፎቅ ላይ፣ ውሃ የማይደርስበት። ሸምሲያ ያኔ ተርሒል ገብታ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ማለዳ ኢሊያስ ሥራ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆመ። እጁ ላይ ጓጉንቸር አለ። በሌላኛው እጁ ማስረጂያውን አፈር ጨብጦ መሬት መሬት ያያል። ውጭ ማሰሱ አላቆመም፤ ከታች ሕንጻው በር ላይ ትናንት ሰው መያዙን ሰምተናል።

«ሩቂያ እህቴ» አለኝ፣ «ምን ላድርግ? ልቆልፈው?»

ወደ ሃፍሳ ዞርኩ። ግድግዳውን ይዛ ተኝታለች፤ ፀጉሯ ገና የዚያ ውሃ ሽታ አለቀቀውም። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀና እንኳ አላለችም።

«ቆልፈው» አለችው።